ግመል የፈተሸው ባሕር

ሰው ቋንቋ ባወቀ ቁጥር ይከበራል ይባላል። የእኔን ላየ ግን፣ ሰው ቋንቋ ባወቀ ቁጥር የሚሳሳትበት አፍ ነው የሚበዛለት። እኔ አራት እችላለሁ። አማርኛው ከእናቴ ነው። ኦሮምኛውን ከከብት ገበያ፣ ስዋሂሊውን ከኬላ፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከብርድ ልብስ ማሸጊያ ላይ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡ፣ ከእሳት ያርቁ» ከማለት ብዙ አልርቅም። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም አይደርስብኝም።

አዎ፣ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ፤ ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል። በዚህ ሙቀት ማን ይገዛሃል ብሎ የማይስቅብኝ እንግዳ የለም። ገዢዎቼ እዚህ አያድሩም። ወደ ላይ የሚወጡ ሾፌሮች ናቸው። ሀገረ ማርያም ደርሰው ብርዱ ጆሯቸውን ሲቆነጥጣቸው ያመሰግኑኛል፤ እኔ ምስጋናውን በላብ ተነክሬ እቀበላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና አቧራ ሳላራግፍ፣ ብርሃኑ የሚባለው የቆየ ደንበኛዬ ከባድ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መጣ። ከኋላው ሻሽ ያሰረች፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ተከተለችው።

«ሰሚራ ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት» አለኝ ብርሃኑ። «ከባሕር ዳር ነው ይዣት የመጣሁት። የመኪናውን ወረቀት እስክጨርስ እዚህ ጥላ ትቀመጥ።»

«ባሕር ዳርማ በዚያ በኩል ነው» አልኩና ወደ ሰሜን ጠቆምኩ።

«የጎጃሙን አይደለም» አለ ብርሃኑ፤ «እውነተኛውን ባሕር ዳር ነው የምልህ። ከሞምባሳ።»

ወንበር ሰጠኋት፤ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምን እንደያዘች ጠየቅኳት። ነጋዴ ነኝ፤ የታሸገ ዕቃ አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ክዳኑን ከፍታ አሳየችኝ። የሰው ጭንቅላት የሚያህሉ ስድስት ነጫጭ ድቡልቡል ነገሮች፣ እንደ ሽንኩርት በመረብ ታስረው ተቀምጠዋል። ከየአንዳንዳቸው ቀጭን ሽቦ ወጥቷል።

«ከባሕር ሞገድ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ» አለች።

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ ነው። እሷ ግን አልከፋትም። ተነስታ ከመደርደሪያዬ አንድ ናይለን ብርድ ልብስ ጎተተችና ክንዷ ላይ ደጋግማ አሸችው፤ ከዚያ ጣቷን ወደ ጣቴ አስጠጋች። ጠሽ አለና እጄን ሰብስቤ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

«ይህቺን ያውቋታል፣ ጋሼ?»

እንዴት አላውቃት። በበጋ ብርድ ልብስ በገለበጥኩ ቁጥር ስትቆነጥጠኝ ስንት ዓመቷ ነው። ዘካዬን ባዘገየሁ ጊዜ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

«ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲፋተጉ አንዱ ከሌላው ላይ ትንሽ ነገር ይነጥቃል» አለችኝ። «እርስዎ ጋ ቆንጥጣ የምትጠፋውን እኔ እሰበስባታለሁ። በየኳሱ ውስጥ ትንንሽ ፍሬዎች አሉ። ሞገዱ ኳሱን ሲያወዛውዘው ፍሬዎቹ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላሉ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ ያሻሉ። በዚያ ፍትጊያ በሽቦው መብራት ይሄዳል።»

አፌን ከፍቼ መደርደሪያዎቼን አየሁ። ለካ እነዚያን ሁሉ ዓመታት በጥቅል በጥቅል ስሸጠው የኖርኩት መብረቅ ነው።

አምስት ዓመት እንደሠራችው ነገረችኝ። አገራችን ባሕር ስለሌላት ለመሞከር ወደ ኬንያ ጠረፍ ወርዳ ነበር። ስትጨርስ፣ ሽቦ የተቆላለፈበት የታሸገ ኳስ ይዛ አውሮፕላን እንዳትገባ ከለከሏት፤ በከባድ መኪና የመጣችው ለዚህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ የዶክትሬት ጥናቷን በፈታኞች ፊት ታቀርባለች። ኳሶቹ ከሌሉ ያላት ወረቀት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለች ሴት ብቻዋን ወደ ኬላ ልትሄድ ነው? ሱቄን ዘጋሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሰሚራ እንግሊዝኛዋ የተጣራ ነው፤ የኬላው ሰዎችም እንግሊዝኛ ይችላሉ። በመሃላቸው የእኔ አስፈላጊነት ለወጥ እንደ ድንጋይ ነው። ግን የአገሬ ሰው፣ ያውም የተማረች፣ እኔ ስዋሂሊ እያለኝ?

ኬላው ላይ እሷ ፓስፖርቷን ልታስመታ ወደ ሰልፉ መሄድ ነበረባት። ሳጥኑን የፍተሻው ጠረጴዛ አጠገብ እኔ እንድጠብቅ ተስማማን።

«ጋሼ፣ ማንም ቢጠይቅዎት ምንም አይበሉ። እኔን ብቻ ይጥሩኝ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ አፍ ማሟሻ ነው።

ፈታሹ መጣ። ሚስተር ዋፉላ ይባላል። ሱሪው ላይ የተተኮሰው መስመር ጣት የሚቆርጥ፣ ትሁት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከምዕራብ ኬንያ ነው የመጣው፤ ይህን አስታውሱልኝ፣ የመከራዬ ሁሉ ሥር እሱ ነውና።

ክዳኑን ከፍቶ አንዱን ኳስ በሁለት እጁ አነሳና ቀስ አድርጎ ነቀነቀው። ሸክሸክ አለ።

«ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ በስዋሂሊ።

ሰሚራን መጥራት ነበረብኝ። ሰልፉ ውስጥ፣ ሃያ እርምጃ ላይ ትታየኛለች። ግን መልሱን አውቀዋለሁ፤ መልስ የሚያውቅ ሰው ዝም ማለት እንዴት ይችላል? ፍሬዎች ብላኛለች። ፍሬ በስዋሂሊ ምን እንደሆነ ከገበሬ መደብር በር ላይ አንብቤ ነበር።

«ምቤጉ» አልኩት።

ምቤጉ ለካ የሚዘራው ዘር ነው።

ቅንድቡን አነሳ። «የምን ዘር? ለምን ይሆናል?»

«ኤሌክትሪክ ይሰጣል።»

«ከምን?»

እዚህ ላይ ኮራሁ፤ ሞገድ የሚለውን ቃል ከአንድ የሞምባሳ ነጋዴ ተምሬው ነበርና። «ዊምቢ» አልኩ። ድምፄንም ትንሽ ከፍ አድርጌው ነበር።

በጠረፍ በኩል ዊምቢ ሞገድ ነው። ዋፉላ ባደገበት አገር ደግሞ ዊምቢ ማለት ዳጉሳ ነው፤ ገንፎ የሚሠሩበት፣ እናቱ ቀጥና እያጠጣች ያሳደገችው ዳጉሳ። ይህን ያወቅኩት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ዋፉላ ኳሱን በአክብሮት መልሶ አስቀመጠው። «ዊምቢ?» አለ።

«ትልቅ ትልቁ ዊምቢ» አልኩት። «ትንሹ አይሆንም።»

«የት የተገኘ?»

«ሞምባሳ።»

«ሞምባሳ ዊምቢ አለ እንዴ?» አለ ለራሱ።

«ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም» አልኩት።

ራሱን እየነቀነቀ ኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አገሬን የጠቀምኩ ሰው ሆኜ ቆምኩ።

ሰሚራ ስትመለስ አንድ ወረቀት አቀበላት። አነበበችው፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ያሉት?»

ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነበር፤ ስድስት ማሰሮ ዝርያው ያልታወቀ የዳጉሳ ዘር፤ ከሞምባሳ የመጣ፤ ኤሌክትሪክ ያፈራል የተባለ። የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪ ሳያየው እንዳያልፍ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ዳበል ወደሚባል መንደር ወጥቷል፤ የሚመለሰው ዓርብ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፤ እኔም ከአንደኛው ፊት ወደ ሌላው ፊት እያየሁ ቆምኩ። ዋፉላ ሲገባው ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሲጨርስ ግን ዓይኑን ጠርጎ፣ የኬላ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

«አምንሻለሁ» አላት፤ ንግግራቸውን የሰማሁት ሰሚራ እየተረጎመችልኝ ነው። «ግን ዘር ተብሎ ገብቷል። እኔ አምናታለሁ ብዬ መሰረዝ አልችልም፤ አይቼ ነው የምሰርዘው። አንዱን ክፈቺልኝ።»

«ከተከፈተ እርጥበት ይገባዋል። ላስቲኩ ከተጫረ አለቀ። አንዱን ለመሥራት ወራት ፈጅቶብኛል።»

ዋፉላ አሰበ። «ሲሠራስ ባየው? ከውሃ መብራት ሲወጣ በዓይኔ ካየሁ በእጄ እሰርዘዋለሁ።»

«ለዚያ ሞገድ ያስፈልጋል» አለች ሰሚራ።

ሦስታችንም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየን። አቧራ፣ አንድ አህያ፣ ከአህያው ጥላ ሥር የተኙ ሁለት ፍየሎች ይታዩ ነበር።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ነኝ» አለ ዋፉላ።

ሰሚራ ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳጥኑ ላይ እጇን አሳረፈች። የአምስት ዓመት ሥራ በአንድ ቃሌ ዳጉሳ ሆኖ ቀርቷል።

«ሞገዱን እኔ አመጣዋለሁ» አልኩ። ይህንን ደግሞ ማን አናገረኝ?

ሞያሌ ውሃ በቦቴ የሚመጣባት ከተማ ናት። ጀሪካን ውሃ ለመለመን እንኳ ዝምድና ይጠይቃል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ የሚወዛወዝ ውሃ ነው። አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለኝ፤ ኦቦ ጉዮ። ቦረና ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ ብዙ ግመል ያላቸው፣ ንግግራቸው እንደ ውሃው የተቆጠበ ሽማግሌ። ከከብት ገበያው ጀርባ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ አላቸው። ግመሎቻቸው ከጎዶማ በኩል በሚገቡበት ቀን ቦቴ አስመጥተው ይሞሉታል፤ ያ ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነው።

ግራር ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል። በኦሮምኛ ሰላምታውን አድርሼ፣ የከብቱን፣ የልጁን፣ የግጦሹን ጠይቄ ስጨርስ ጉዳዬን ተናገርኩ።

«ኦቦ ጉዮ፣ ውሃዎን ፈልጌ ነው።»

«ለመጠጥ?»

«አይደለም።»

«ለመታጠብ?»

«አይደለም። ለመነቅነቅ ነው።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ከነቀነቃችሁት በኋላ እዚያው ይቀመጣል?»

«አንድ ጠብታ አይጎድልም።»

«እንግዲያው ነቅንቁት። ግመሎቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ» አሉኝ። ለምን ብለው አልጠየቁም። ከተማ አጠገብ የኖረ ሽማግሌ የከተማ ሰው የሚሠራውን ሁሉ ቢጠይቅ ዕድሜ አይበቃውም።

ሰሚራና ዋፉላ ሳጥኑን በሁለት በኩል ይዘው መጡ። ኳሶቹን ከነመረባቸው ውሃው ላይ አንሳፈፈቻቸው፤ ሽቦዎቹንም በአንዲት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰካች። ሰሌዳዋ ላይ ሰሊጥ የሚያህሉ አምፖሎች በረድፍ በረድፍ ተተክለዋል። ሞገድ የሚሆነው ማን ነው የሚለው ብዙ አላነጋገረም፤ ሁሉም ወደ እኔ አየ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ አሮጌ የበር ጣውላ ይዤ ገንዳው ውስጥ ገባሁ።

ጥፋተኛ ሰው ይበረታል። ጣውላውን ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ውሃው ተነስቶ ሄዶ፣ የዋፉላን የተተኮሰ ሱሪ ከወገብ እስከ ጫማ አገኘው።

«ፖሌ» አልኩት፤ ይቅርታ ማለቴ ነው።

«ፖሌ ፖሌ» አለኝ እሱም እያራገፈ፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። በዚያን ቀን ከስዋሂሊ ጋር የተግባባሁት እዚያች ላይ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ባሕር አይቸኩልም» አለች ሰሚራ ከገንዳው ዳር። «ትልልቆቹ ማሽኖች ፈጣን ነገር ነው የሚወዱት። ይህ ግን ዝግታን ነው የሚወደው። እንደሚተነፍስ ሰው ያድርጉት።»

እንደሚተነፍስ ሰው አደረግኩት። ገፋ፣ ለቀቅ፤ ገፋ፣ ለቀቅ። ኳሶቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ሸክሸክ ማለት ጀመሩ። ሰሚራ ሰሌዳዋ ላይ አጎንብሳ «በራ» አለች።

ዋፉላም ኦቦ ጉዮም አጎነበሱ። ምንም አይታይም። የሞያሌ የሰባት ሰዓት ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማለች፤ በዚያ ፀሐይ እንኳን ሰሊጥ የሚያህል መብራት፣ የመኪና መብራትም አይታይ።

«አላየሁም» አለ ዋፉላ። እውነቱን ነው።

በዚህ ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያዬ ለሳይንስ ጠቀመ። ከገንዳው ወጥቼ በባዶ እግሬ፣ ውሃ እየተንጠባጠብኩ፣ በገበያው መሃል ሮጬ ከሱቄ ወፍራሙን ባለ ሁለት ድርብ ብርድ ልብስ ይዤ ተመለስኩ። በዚያ ቀትር ብርድ ልብስ አቅፎ የሚሮጥ እርጥብ ሰው ያየ ሁሉ ወባ ይዞት ነው ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ሰሌዳዋን ገንዳው ጠርዝ ላይ አድርገን ዋፉላና ኦቦ ጉዮን ከነሰሌዳዋ ሸፈንናቸው። ከውጭ የሚታየው አራት እግር ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ባለ ጥቁር ጫማ፣ ሁለቱ ባለ ጎማ ጫማ።

ተመልሼ ገብቼ መግፋት ጀመርኩ። ገፋ፣ ለቀቅ።

ከብርድ ልብሱ ሥር ዋፉላ የሚሰጠውን ፍርድ ስጠብቅ፣ የተሰማኝ የኦቦ ጉዮ ድምፅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ለራሳቸው የሚናገሩት ዓይነት።

«ኡርጂ» አሉ። ኮከብ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ማየት አማረኝ። ችግሩ፣ ልይ ብዬ መግፋቱን ካቆምኩ ይጠፋል። መብራቱን የማበራው እኔ፣ የማላየውም እኔ ብቻ። ይህን ለዋፉላ ብነግረው ከብርድ ልብሱ ወጣ፤ አንዴ ዓይኔን፣ አንዴ ውሃውን አየ። ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ጣውላውን ተቀበለኝ።

እኔ ከኦቦ ጉዮ ጎን ጭንቅላቴን አስገባሁ። ብርድ ልብሱ ፀጉሬ ላይ ተንጣጣ። ጨለማ ነበር፤ የናይለንና የግመል ሽታ ነበር። ከዚያ ኳሶቹ ሸክ አሉ፣ ረድፉ በሙሉ በአንዴ በራ። ነጭ ብርሃን፣ ንጹህ፣ ቅዝቃዜ ያለው የሚመስል። ውሃው ሲመለስ ደበዘዘ፤ ውሃው ሲመጣ በራ። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ናፍጣ የለ፣ ባትሪ የለ። አንድ ሰው ውሃ ገፋ፣ ትንንሽ ፍሬዎች ተንከባለሉ፣ ብርሃን መጣ። የኦቦ ጉዮ ፊት በየሞገዱ ይታየኝና ይጠፋብኝ ነበር። ሱብሃነላህ አልኩ።

«ግመሎቹ ደረሱ» አለች ሰሚራ ከውጭ።

ዋፉላ ጣውላውን ይዞ ከገንዳው ሲወጣ ሰማሁት። ሞገዱ ቆመ፤ መብራቱም ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠፋም። ደከም አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ እንደገና በራ፤ አንዴ በዚህ በኩል፣ አንዴ በዚያ በኩል። ማን ነው አሁን የሚገፋው ብዬ ጭንቅላቴን አወጣሁ።

ከገንዳው ወዲያኛው ጫፍ የኦቦ ጉዮ ግመሎች አንገታቸውን ደርድረው ይጠጡ ነበር። አፋቸውን ሲነክሩ፣ ሲምጉ፣ ሲያነሱ፣ ውሃው በዝግታ እየተወዛወዘ ወደ ኳሶቹ ይመጣል። ግመል ሲጠጣ አይቸኩልም።

«ዝም በሏቸው፤ እንዳታባርሯቸው» አለች ሰሚራ በሹክሹክታ። ከብርድ ልብሱ ሥር ገብታ ሰሌዳዋን አየች። ስትወጣ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። «ቤተ ሙከራ ውስጥ ሞገድ የሚሠራ ሞተር አለኝ። እንዲህ ያለ ዝብርቅርቅ ሞገድ ግን ሠርቶልኝ አያውቅም። ባሕሩ ላይ ያየሁት ይህንን ነው።»

አራታችንም ተራ በተራ እየገባን አየን። የገበያው ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ ጠባብ ብርድ ልብስ ስለሆነ ሰልፍ ያዘ። ዋፉላ ባዶ እግሩን ሰልፉን ያስከብራል።

ሁላችንም መብራቱን ስናይ ግመሎቹን የሚያይ ሰው አልነበረም። አንዲት ግመል ጠጥታ ጠግባ፣ በገንዳው ጠርዝ እየተራመደች መረቡ ጋ መጣች። አሸተተች። ላሰች። መረቡ ሳምንታት ሙሉ ባሕር ውስጥ የኖረ ነው፤ የባሕሩ ጨው ገመዱ ላይ ደርቋል። ግመል ደግሞ ለጨው ስንት ቀን እንደምትጓዝ የቦረና ሰው ይንገራችሁ። ገመዱን ሳበች፤ ኳሱም አብሮ መጣ፤ ኳሱም ጨው አለው። አፏን ከፈተች። ቀጭን እንቁላል እንደሚሰበር ድምፅ ተሰማ።

ትንንሽ ነጫጭ ፍሬዎች ከአፏ እየወደቁ አሸዋው ላይ ተንከባለሉ። ሰሚራ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ኦቦ ጉዮ ሄደው የግመሏን መንጋጋ ያዙ፤ ጣታቸውን አስገብተው ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀሙላት። ጨርሰው ስብርባሪውን በመዳፋቸው ለሰሚራ አመጡላት።

«ክፋት የላትም» አሏት በተሰባበረ አማርኛ። «ጨው ነው ያሳታት።»

ዋፉላ አጎንብሶ አንዱን ፍሬ ከአሸዋው አነሳ። አሸው። አሸተተው። በመጨረሻም በጥርሱ ነከሰውና ተፋው።

«ዊምቢ አይደለም» አለ። ከኪሱ ብዕር አወጣ። «ተከፍቶ ታይቷል። ፍተሻው አልቋል።»

እኔ ወደ ሰሚራ መቅረብ ፈራሁ። ይቅርታ ለማለት አራት ቋንቋ ይዤ አንዱም አፌ ላይ አልመጣም። እሷ የተሰበረውን ትታ የቀሩትን አምስቱን ወደ መሃል ሰበሰበቻቸው፤ የተቆረጠውን ሽቦ ነቅላ ሌሎቹን መልሳ ሰካች፤ አንድ እጇን ውሃው ውስጥ አድርጋ እያማታች ጭንቅላቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባች። ቆየች። ስትወጣ መነጽሯ በላብ ጉም ለብሷል።

«በአምስቱ እቀርባለሁ» አለች። «ግን ስድስተኛው የት ሄደ ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

ዋፉላ ይህን በቁም ነገር ወሰደው። ቢሮው ተመልሶ የደረቀውን ካልሲውን አጥልቆ፣ የዳጉሳውን ዘር ሰረዘና በሌላ ወረቀት እንዲህ ብሎ ጻፈላት፤ የትምህርት መሣሪያ፣ ብዛት ስድስት፤ አምስቱ ይሠራሉ፤ አንዱ በሥራ ላይ እያለ በግመል ተበልቷል። ማኅተሙን መታበት። ከዚያ ጥያቄ ጠየቃት፤ ቀኑን ሙሉ ይዞት የዋለ ይመስለኛል።

«አገርሽ ባሕር የለውም። ለምን ይህንን መረጥሽ?»

«ለሩቅ ነገር የበለጠ እንጓጓለን መሰለኝ» አለችው። «ለጊዜው ትንሽ መብራት ነው የሚሰጠው፤ ሻይ አያፈላም። ግን ሌሊት ባሕር ላይ ለሚሠራ ዓሣ አጥማጅ አንዲት መብራት ቀላል ነገር አይደለችም። ብዙ ሆኖ ቢሰፋ ደግሞ ምን እንደሚሆን ገና አናውቅም።»

ብርሃኑ መኪናውን አስነስቶ ነበር። ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ወጣች፤ በዚያው ቀን ተሻገረች። ዓርብ ደውላልኝ ማለፏን ነገረችኝ። ፈታኞቹ ስለ ፍትጊያው ጥቂት ጠይቀው፣ የቀረውን ጊዜ ስለ ግመሎቹ ጠየቋት አለችኝ።

እኔ ወደ ብርድ ልብሴ ተመለስኩ። ያልተመለሱት ኦቦ ጉዮ ናቸው። በየሦስት ቀኑ ሱቄ እየመጡ ይቀመጡና አንድ ነገር ይጠይቁኛል። የመብራቱ ነገር ብዙ አላሳሰባቸውም፤ መብራት አይተዋል። እሳቸውን እንቅልፍ የነሳቸው፣ ሰውም ግመልም ሳይነቀንቀው የሚነቃነቅ ውሃ አለ መባሉ ነው። «ማን ይገፋዋል?» ይሉኛል። ነፋስ ነው እላቸዋለሁ። «ነፋስ ባይኖርስ?» እዚያ ላይ አላውቅም። አንድ ቀን መጥተው፣ አንድ ወጠጤ ሸጠው የሞምባሳ አውቶቡስ ገንዘብ እንዳዘጋጁ ነገሩኝ። እኔም እነዚያን ሁሉ ዓመታት ብርድ ልብሱን ከዚያ በስልክ አዝዤ ከማስመጣት በቀር ወርጄ አላውቅም ነበር። ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ አብሬያቸው ተነሳሁ።

ሞምባሳ የደረስነው ጠዋት ነው። ከአውቶቡሱ ወርደን ሰው ወደጠቆመን ሄድን። ሕንፃዎቹ አለቁ፤ ዘንባባዎቹ አለቁ፤ ከዚያ ወዲያ ምድር አልነበረም።

ኦቦ ጉዮ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ ቆሙ። ስለዚያ ውሃ መናገር አልችልም፤ ብሞክር አሳንሰዋለሁ። ይመጣል። ከሩቅ ተነስቶ፣ ቀና ብሎ፣ እየተንከባለለ ይመጣና አሸዋው ላይ ይተነፍሳል። ተመልሶ ሳይጨርስ ሌላው ተነስቷል። እኔ አንድ ሁለቱን ቆጠርኩና ተውኩት። ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ፤ ጥቂት ገቡ፤ ውሃው መጥቶ እስከ ጉልበታቸው ደረሰና ተመለሰ። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

አጠገባችን አንድ እሸት ኮኮናት የሚሸጥ ጎልማሳ ነበር፤ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጋሪውን አቁሞ በቢላ ይልጣል። ኦቦ ጉዮ ወጥተው ወደ እሱ ሄዱ፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያርፈው?» ብለው ጠየቁት።

«ማን?» አለ ሰውየው።

«ውሃው።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የሽማግሌውን ፊት አየ። ቢላውን ኮኮናቱ ላይ እንደተከለ ዞረና፣ ጀርባውን ሰጥቶት የኖረውን ባሕር ማየት ጀመረ። አንዱ ሞገድ መጣ፤ ሌላው መጣ። ገዢ መጥቶ ጠራው፤ አልሰማም።